ከመቅደላ የተወሰደው ሕፃን፦ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ

በደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው ጋፋት ዐፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩባት ቦታ መሆንዋን ሁላችንም እናውቃለን። ንጉሠ ነገሥቱ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ያንን መድፍ እያስጎተቱ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲጓዙ የተከተላቸው ወታደር ብቻ አልነበረም፤ ሴቶችና ሕፃናትም ነበሩ። መድፉን የማያነሣ ተራኪ የለም፤ ሕፃናቱን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ፣ ጎንደር የተወለደው ትንሹ ወርቅነህ ከወላጆቹ ተለይቶ ብቻውን ተገኘ። ቻምበርሌን የተባለ የእንግሊዝ ኮሎኔል አንሥቶ ወደ ህንድ ወሰደው። እሱ ሲሞት ኮሎኔል ማርቲን የትምህርቱን ወጪ ቻለ፤ ልጁም በሁለቱ ስም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። ደግነታቸው አይካድም። ሆኖም ሕፃኑ ከሞት ሲተርፍ ስሙንና ቋንቋውን አጣ። በዚያው ዘመን የተወሰደው ልዑል ዓለማየሁማ ገና በ18 ዓመቱ በእንግሊዝ አገር ሞቶ ቀርቷል።

ወርቅነህ በላሆር ሕክምና ተምረው በ1882 እ.ኤ.አ. ተመረቁ፤ በስኮትላንድም ትምህርታቸውን ቀጥለው በበርማ በሐኪምነት አገለገሉ። የዓድዋ ድል ወሬ ሲደርሳቸው ያገራቸው ነገር እንቅልፍ ነሣቸው። በ1899 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ገብተው ድንኳን ተከሉና በሽተኛውን ሁሉ ያለ ዋጋ ያክሙ ጀመር። አማርኛ ስለማያውቁ የሕመምተኛውን ቃል የሚሰሙት በአስተርጓሚ ነበር። ታሪካቸው በከተማው ሲወራ አያታቸው መጡ፤ ገላቸው ላይ ባለው የልጅነት ጠባሳም የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን ለዩ። ከሠላሳ ዓመት በኋላ! በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ወርቅነህ የሚለውን ስማቸውን መልሰው ያገኙት እንዲህ ነው።

ወደ በርማ ሄደው ተመልሰዋል፤ ጠቅልለው የገቡት በ1919 እ.ኤ.አ. ነው። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በበላይነት መርተዋል። እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን ከባርነት ነፃ ለወጡ ልጆች የተከፈተውን ትምህርት ቤት መምራታቸው ነው። እነዚያ ልጆች ዘመድ የሌላቸው፣ ከየት እንደመጡም በውል የማያውቁ ነበሩ፤ አስተዳዳሪያቸውም ያንን ኑሮ በራሳቸው አይተውታል።

ከዚያ የጨርጨር ገዥ፣ በጣልያን ወረራም ጊዜ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ሆኑ። እሳቸው እዚያ ሳሉ ሁለት ወንዶች ልጆቻቸውን፣ ዮሴፍንና ቢንያምን፣ ፋሺስቶች በ1929 ዓ.ም. ገደሉባቸው። ከድል በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ዐረፉ።