ቶም ሮልት፦ ሊዘጋ የነበረን ባቡር በበጎ ፈቃደኞች ያስነሳው ሰው

ስለ ድሮው የጅቡቲ ምድር ባቡር ባነሳን ቁጥር ከቪዲዮው ሥር የምትጽፉት አስተያየት መጨረሻው አንድ ነው፤ መንግሥት ለምን አይጠግነውም የሚል። ዛሬ የሰሞኑን ፖለቲካ ለአንድ ቀን አስቀምጠን የአንድ እንግሊዛዊ ታሪክ እናንሳ። ከሞተ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ቶም ሮልት ይባላል። እዚህ እንግሊዝ ባቡርና ጀልባ የሚወድ ሰው ስሙን ሲሰማ ቀና ይላል፣ እኛ ዘንድ ግን እምብዛም አይታወቅም። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፣ እንዳትደናገሩ።

ሙሉ ስሙ ላዮኔል ቶማስ ካዝዎል ሮልት ነው። ፌብሩዋሪ 11 ቀን 1910 ቼስተር ከተማ ተወለደ። አባቱ አንድ ቦታ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። አውስትራሊያ ከብት እርባታ ላይ፣ ህንድ እርሻ ላይ ሠርቷል፤ ካናዳ ድረስም ወርቅ ፍለጋ ሄዷል። በኋላ ገንዘቡን ያስገባበት ድርጅት ከሰረና ቤተሰቡ ግሎስተርሻየር ውስጥ ስታንሊ ፖንትላርጅ የምትባል ትንሽ የገጠር መንደር ገባ። ልጁ በ16 ዓመቱ ትምህርቱን ትቶ እጁን ዘይት ነከረ። መጀመሪያ የእርሻ ማሽን የሚጠግኑ ሰዎች ጋ፣ ቀጥሎ ስቶክ ኦን ትሬንት ውስጥ ኬር ስቱዋርት የሚባል የሎኮሞቲቭ ፋብሪካ ተለማማጅ ሆነ። ይህንን ፋብሪካ ስሙን ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ ይመጣል።

በ1930 ፋብሪካው ከሰረ። ዘመኑ ያ ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ነው፣ ሥራ የለም። ሮልት ሥራ አጥቶ ከቆየ በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጋራዥ ከፍቶ የድሮ የስፖርት መኪና መጠገን ያዘ። እኔ እንደ ታክሲ ነጂነቴ ይሄን ክፍል ሳነብ ነው ሰውየው የተወደደልኝ። ሞተር በእጁ ፈትቶ የገጠመ ሰው ሲጽፍ ያስታውቃል።

ከዚያ ክሬሲ የምትባል ጠባብ የእንጨት ጀልባ ገዛ። የእንግሊዝን ካርታ ያየ ሰው ያውቃል፣ አገሩ በሰው እጅ በተቆፈሩ የውሃ ቦዮች የተጠላለፈ ነው። ባቡር ሳይመጣ በፊት ከሰልና ሸቀጥ የሚጓዘው በእነሱ ነበር። በ1939 ሮልት አንጄላ የምትባል ልጅ አግብቶ፣ ጀልባዋን ቤት አድርጎ በቦዮቹ ላይ ጉዞ ጀመረ። ወዲያው ጦርነቱ መጣ። በጦርነቱ ዓመታት ከበርሚንግሃም ብዙም በማይርቀው ታርድቢግ አጠገብ ጀልባዋን አስሮ የጉዞውን መጽሐፍ አሳተመ። በ1944 ወጣ። ሰዉ በጦርነት፣ በፍርስራሽና በራሽን ተሰላችቶ ስለነበር ስለ ጸጥተኛ ውሃ የሚያወራውን መጽሐፍ ተሻማበት።

መጽሐፉን አንብበው ከጻፉለት ሰዎች አንዱ ሮበርት ኤይክማን ነበር። ሁለቱ ሆነው በ1946 የውስጥ ውሃ መንገዶች ማኅበርን መሠረቱ። ቦዮቹ እየተደፈኑ፣ በሮቻቸው እየበሰበሱ ነበርና ማኅበሩ እነሱን ለማዳን ተነሳ። በ1947 እዚሁ በርሚንግሃም ኪንግስ ኖርተን ውስጥ የሆነውን ልንገራችሁ። በስትራትፎርድ ቦይ ላይ ያለውን ተነሺ ድልድይ የባቡር ኩባንያው ከፍ እንዳይል አድርጎ ዘግቶት ነበር። በሕጉ ግን ጀልባ ማለፍ መብቱ ነው። ሮልት በዚህ ቀን አልፋለሁ ብሎ አስታወቀና ክሬሲን ይዞ ከች አለ። ኩባንያው ሠራተኞቹን ልኮ ድልድዩን በክሪክ አንስቶ ለማሳለፍ ተገደደ። ሰልፍ የለ፣ ጩኸት የለ፤ ያልተሻረ መብትን ይዞ በሰላም ብቅ ማለት ብቻ። ሰፈሩን የምታውቁ ላይፎርድ ሌን ላይ ነው፣ ተሳፋሪ ጭኜ ስንቴ አልፌበታለሁ።

ማኅበሩ ግን እንደ ማኅበር ሆነ። ኤይክማን ሁሉም ቦይ ይዳን ይላል፣ ሮልት ቅድሚያ በቦዮቹ ላይ ለሚሠሩት ጀልበኞችና ለሚድኑት እንስጥ ይላል። ተጣሉ። በ1951 መሥራቹ ሮልት ራሱ ከማኅበሩ ተባረረ። በውጭ አገር በኮሚዩኒቲ ኮሚቴ ያለፋችሁ ይሄን ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም፣ ሁለት ሰው ማኅበር ያቋቁማል፣ ሦስተኛው ዓመት ላይ ሁለት ማኅበር ይሆናል። በዚያው ዓመት ትዳሩም ፈረሰ፤ አንጄላ ከሰርከስ ቡድን ጋር ሄደች። ክሬሲም አርጅታ ነበር። አርባ አንድ ዓመቱ ነው፤ ሚስት የለ፣ ቤት የለ፣ ማኅበር የለ።

ባቡሩ የሚገባው እዚህ ጋ ነው።

ዌልስ ውስጥ፣ በባሕሩ ዳር ካለችው ታዊን ከተማ ተነስቶ ወደ ተራራው የሚወጣ ታሊሊን የሚባል ትንሽ የባቡር መስመር አለ። ርዝመቱ 12 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። የሐዲዱ ስፋት 69 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የኛ የጅቡቲው አንድ ሜትር እንደነበር አስታውሱ። በ1860ዎቹ የተሠራው ለቤት ጣራ የሚሆነውን ስስ ድንጋይ ከተራራው ለማውረድ ነው። በ1911 ባለቤትነቱ የአካባቢው የፓርላማ ተወካይ ወደነበሩት ወደ ሰር ሄንሪ ሄይደን ጆንስ ዞረ። ድንጋይ ማውጫው በ1946 መጨረሻ ላይ ተደርምሶ ተዘጋ። በ1948 መንግሥት የአገሩን ባቡሮች ሲወርስ ታሊሊንን ከዝርዝሩ አላስገባውም። ሽማግሌው ግን እኔ እስካለሁ ባቡሩ አይቆምም ብለው ነበርና ከኪሳቸው እየደጎሙ በበጋ በበጋ መንገደኛ ያመላልሱ ነበር። ሐዲዱ በሣር ተውጧል፣ ከሥሩ የተነጠፈው እንጨት በስብሷል። የሚንቀሳቀሰው ሎኮሞቲቭ አንድ ብቻ፣ ዶልጎኽ የሚባለው፣ መስመሩ ሲከፈት የመጣ የሰማንያ ምናምን ዓመት አዛውንት።

ሮልት ቦዮቹን እንዳየበት ዓይን ይህንንም አየው። በ1949 ለበርሚንግሃም ፖስት ጋዜጣ ጽፎ፣ ፈቃደኛ ሰዎች ተሰብስበው መስመሩን ቢይዙትስ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር በዓለም ላይ ተሞክሮ አያውቅም። ባቡር የኩባንያ ወይም የመንግሥት ነው፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ አይደለም። ሮልት ባንበሪ ከተማ የራዲዮ ሱቅ ከነበረው ጓደኛው ከቢል ትሪንደር ጋር ሆኖ ሽማግሌውን አነጋገረ። ነገሩ መልክ ሳይዝ ሰር ሄይደን ጁላይ 1950 ላይ አረፉ።

ኦክቶበር 11 ቀን 1950 በርሚንግሃም ኢምፔሪያል ሆቴል ውስጥ ስብሰባ ተጠራ። ሰባ የሚሆን ሰው መጣ። ዕድሜያቸውን ሙሉ በመስመሩ ላይ የሠሩት ሥራ አስኪያጁ ኤድዋርድ ቶማስም ከዌልስ መጥተው ተገኙ። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከተሜው ሰብሰብ ብሎ ስለ ገጠሩ ንብረት ሲወስን የቦታው ሰው ከሌለበት ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የሟቹ ባለቤት ሌዲ ሄይደን ጆንስም ድርሻቸውን አስተላለፉ። ሮልት ደግሞ በ1951 ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ታዊን ገባ።

ሜይ 14 ቀን 1951 የመጀመሪያው ባቡር በማኅበሩ ስም ተነሳ። የሄደው እስከ ሪድሮነን ጣቢያ ነው፣ ግማሽ መንገድ እንኳ አይሆንም። ከዚያ በላይ ያለውን ሐዲድ ያኔ ለማመን ያስቸግር ነበር። ቀስ በቀስ አገልግሎቱ ወደ ላይኛው ጣቢያ አበርጊኖልዊን ቀጠለ። ሰዉ የዓመት ፈቃዱን ወስዶ፣ ቅዳሜና እሑዱን አጥፎ ይመጣል። የቢሮ ሠራተኛው ድንጋይ ይሸከማል፣ አስተማሪው ትኬት ይቆርጣል። ደመወዝ የሚከፈላቸው የቀድሞ ሠራተኞች ጥቂቶች ነበሩ። ሮልት ራሱ ማለዳ ተነስቶ ዛሬ ዶልጎኽ ይነሳ ይሆን ወይስ እምቢ ይል እያለ ሁለት በጋ አሳለፈ።

አንድ ሎኮሞቲቭ ብቻ ይዞ ደግሞ አይቻልም። አጠገባቸው በ1948 የተዘጋ ኮሪስ የሚባል መስመር ነበረ፤ ስፋቱም አንድ ነው። የዚያን መስመር ሁለት ሎኮሞቲቮች እያንዳንዳቸውን በ25 ፓውንድ ገዙ። አንደኛው ገና እንደመጣ ጣጣ አመጣ። የታሊሊን ሐዲድ ከማርጀቱ የተነሳ ግራና ቀኙ ተራርቆ ስለነበር ጎማው መሃል ገብቶ ይወድቃል። ሁለተኛውን፣ ሊድስ ያለው የሀንስሌት ፋብሪካ ኃላፊ የማኅበሩ አባል ስለነበሩ በነጻ አደሱላቸው። ይህኛው በ1921 የተሠራ ነው። የት መሰላችሁ? ስሙን ያዙልኝ ባልኳችሁ በኬር ስቱዋርት። ሮልት ሙያውን የተማረበት ፋብሪካ ከተዘጋ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ የሠራው ሞተር መጥቶ ሮልትን አዳነው። ስሙንም ኤድዋርድ ቶማስ አሉት፣ በሽማግሌው ሥራ አስኪያጅ።

ሮልት ከ1952 በጋ በኋላ ሥራ አስኪያጅነቱን ለሌላ ሰው ትቶ ወደ ጽሑፉ ተመለሰ፤ ማኅበሩን ግን አልተወም። የታሊሊንን ታሪክ በ1953 በመጽሐፍ አወጣው። በዚያው ዓመት የወጣው የኢሊንግ ኮሜዲ ፊልም፣ የመንደር ሰዎች ባቡራቸውን ሲያድኑ የሚያሳየው፣ መነሻው ታሊሊን ነው። ልጆቻችሁ የሚያዩትን ባለ ፊቱን ሰማያዊ ባቡር ቶማስን የፈጠሩት ቄስ ኦድሪም እዚያ በጎ ፈቃደኛ ሆነው ሠርተዋል፤ ከታሪኮቻቸው ውስጥ የትንንሾቹ ባቡሮች መስመር የተቀዳው ከታሊሊን ነው።

ከዚያ በኋላ ሮልት የመሐንዲሶችን ሕይወት ጻፈ፦ ብሩኔልን በ1957፣ ቴልፎርድን በ1958፣ ስቲቨንሰን አባትና ልጅን በ1960። ስለ ባቡር አደጋዎች የጻፈውም እስከ ዛሬ ይነበባል። ሶንያ የምትባል ከተዋናይነት ወደ ጀልበኛነት የገባች ሴት አግብቶ አባቱ ቤት ስታንሊ ፖንትላርጅ ተመልሶ ኖረ፤ ሜይ 9 ቀን 1974 እዚያው ሞተ። 64 ዓመቱ ነበር።

አሁን ወደ እኛ ልመለስ። የታሊሊንን ታሪክ ይዞ ድሬዳዋ ላይ መገልበጥ አይቻልም። የእነሱ 12 ኪሎ ሜትር አይሞላም፣ የእኛ 784 ነበር። እነሱ ጋ አንድ ቤተሰብ ድርሻውን ሲያስተላልፍ ነገሩ አለቀ፤ እኛ ጋ ሁለት መንግሥታት አሉበት። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከ2018 ጀምሮ ሥራውን ወስዶታል። ግን የድሬዳዋው ወርክሾፕ አለ፣ የለገሀር ጣቢያም አለ፣ ሙያውን የሚያውቁ አዛውንቶች ደግሞ እያነሱ ነው። ሮልት መጀመሪያ ያደረገው ነገር ገንዘብ ማሰባሰብ አልነበረም፤ ባለ ንብረቱንና ባለ ሙያውን ሄዶ ማነጋገር ነበር። ያ ደግሞ ብዙ ብር አይጠይቅም።

ከታሊሊን በኋላ ሌሎችም ተነሱ። ዛሬ ብሪታንያ ውስጥ በእንዲህ ያለ መንገድ የሚሠሩ የድሮ ባቡሮች ከመቶ በላይ ናቸው። በደቡብ እንግሊዝ ብሉቤል የሚባለው መስመር በቆሻሻ የተሞላ ሸለቆ አስጠርጎ በ2013 ከዋናው የባቡር መረብ ጋር እንደገና ተገናኘ። ዌልስ ውስጥ ደግሞ ከካናርቨን እስከ ፖርትማዶግ ተነቅሎ የነበረው ሐዲድ እንደገና ተነጥፎ በ2011 ሙሉው መስመር ተከፈተ።

ታሊሊንም ከአበርጊኖልዊን በላይ፣ ድንጋይ ብቻ ይመላለስበት የነበረውን መንገድ በጎ ፈቃደኞቹ አስተካክለው ሜይ 1976 ላይ እስከ ናንት ጉዌርኖል ለመንገደኛ ከፈቱት። ሮልት ያንን አላየም፣ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1991 ሥራ የጀመረው ሰባተኛው ሎኮሞቲቭ ግን ስሙ ቶም ሮልት ነው። መንገደኛ ጭኖ በዚያው መስመር ይወጣል ይወርዳል።