ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን፦ ከቀይ መስቀል አውሮፕላን እስከ ቢያፍራ የአየር ጥቃት

ግንቦት 14 ቀን 1961 ዓ.ም. አምስት አነስተኛ ስዊድን ሠራሽ አውሮፕላኖች የዛፍ ጫፍ ታክከው በመብረር በፖርት ሃርኮርት የነበረውን የናይጄሪያ አየር ማረፊያ በሮኬት ደበደቡ። የበረራው መሪ የ59 ዓመቱ ስዊድናዊ ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ነበሩ። ይህ ጥቃት ስማቸውን በዓለም ዙሪያ ቢያስጠራም፣ ከኢትዮጵያ ጋር የነበራቸው ቁርኝት ግን ከዚያ የቀደመና የረዘመ ነው። ስለሆነም ጥቃቱን በሚገባ ለመረዳት የሕይወት ታሪካቸውን ከኢትዮጵያ አንጻር መመልከት ያስፈልጋል።

ፎን ሮዘን በነሐሴ ወር 1901 ዓ.ም. በስዊድን ከመሳፍንት ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው ኤሪክ ፎን ሮዘን አገር አሳሽና የባህል ተመራማሪ ነበሩ። የናዚ ጀርመን አየር ኃይል አዛዥ የነበረው ኸርማን ጎሪንግ ደግሞ የአክስታቸው ባል ነበር። በጣሊያን ወረራ ወቅት ፎን ሮዘን የቀይ መስቀል አውሮፕላን አብራሪ ሆነው ወደ ኢትዮጵያ መጡ። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. የዓለም አቀፉን ቀይ መስቀል ልዑክ ማርሴል ጁኖድን ይዘው ወደ ሰሜን ግንባር በተጓዙበት ጊዜ፣ የቀይ መስቀል ምልክት የነበረው አውሮፕላናቸው ኮረም አጠገብ እንደቆመ በጣሊያን አውሮፕላኖች ተደብድቦ ወደመ። በዚያው ዘመቻ የመርዝ ጋዝ በሰው ላይ የሚያደርሰውንም ጉዳት በቅርብ አይተዋል።

ከአራት ዓመታት በኋላ ሶቪየት ኅብረት ፊንላንድን ስትወጋ፣ ፎን ሮዘን ለመንገደኛ ማመላለሻ የተሠራ አውሮፕላን ቦምብ እንዲሸከም አስደርገው ከፊንላንድ ጎን ተሰለፉ። የእርዳታ አብራሪነትንና ተዋጊነትን አጣምረው መያዛቸው የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው፣ መቀመጫውን ቢሾፍቱ ላደረገው የንጉሠ ነገሥቱ አየር ኃይል መልሶ መቋቋም ለዐሥር ዓመታት ያህል አገለገሉ። በግንቦት 1939 ዓ.ም. ሳፊር የተባለችውን ትንሽ አውሮፕላን ከስቶክሆልም አዲስ አበባ ድረስ፣ 6,220 ኪሎ ሜትር፣ ያለ ማረፍ አብርረዋል። በስዊድናውያን መምህራን የሠለጠኑት ኢትዮጵያውያን አብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች የዚህ ዘመን ዋና ውጤት ናቸው።

በ1960 ዓ.ም. ክረምት በከበባ ውስጥ ለነበረችው ቢያፍራ እህልና መድኃኒት ማድረስ ጀመሩ። በረኃብ የሚያልቁትን ሕፃናት ካዩ በኋላ እርዳታ ብቻውን በቂ አይደለም ወደሚል ድምዳሜ ደረሱ። ለጥቃቱ ያዘጋጇቸው አውሮፕላኖች 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የነበራቸው ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 12 ሮኬት ይሸከሙ ነበር። አብራሪዎቹም ሦስት ስዊድናውያንና ሁለት ቢያፍራውያን ነበሩ። ከፖርት ሃርኮርት ቀጥሎ ቤኒንና ኢኑጉ፣ በመጨረሻም የኡጌሊ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተደበደቡ። የወደሙት የጦር አውሮፕላኖች ቁጥር ግን እስካሁን አከራካሪ ነው።

የጥቃቱ ሌላ ገጽታ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ከመጀመሪያው ጥቃት ሁለት ሳምንት በኋላ የናይጄሪያ አየር ኃይል አንድ የቀይ መስቀል አውሮፕላን መትቶ ጣለ፤ የቀይ መስቀል የእርዳታ በረራም ተቋረጠ። በሁለቱ ክስተቶች መካከል ቀጥተኛ የምክንያት ትስስር አለ ለማለት ባይቻልም፣ በኮረም የቀይ መስቀል አውሮፕላን የተቃጠለባቸው ሰው የእርዳታና የውጊያ በረራ ድንበር እንዲደበዝዝ ድርሻ አላቸው የሚለው ትችት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በተጨማሪም ቀድሞ ያገለገሏቸው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን የሰላም ጥረት ሲመሩ የናይጄሪያን አንድነት ይደግፉ ነበር።

በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢትዮጵያ በረኃብ ስትመታ ፎን ሮዘን እንደገና መጡ። በቢያፍራ ሮኬት ከተሸከሙት ጋር የሚቀራረቡ ትናንሽ አውሮፕላኖች በዚህ ጊዜ በክንፋቸው ሥር እህል አንጠልጥለው፣ ዝቅ ብለው በመብረር መንገድ በሌለበት ሥፍራ ጣሉ። ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. በእርዳታ ሥራ ላይ ሳሉ ጎዴ ላይ በሶማሊያ ኃይሎች ጥቃት ተገድለው በአዲስ አበባ ተቀበሩ።

ከዚህ እንደሚታየው ፎን ሮዘንን በአንድ ደፋር ጥቃት ብቻ ማስታወስ ታሪካቸውን ያጎድላል፤ ጥቃቱን ትቶ በጎ አድራጊነታቸውን ብቻ ማንሣትም እንዲሁ። የቢያፍራው በረራ አስቸኳይ ሰብአዊ ግዴታ የተሰማው ሰው ገለልተኝነትን ሲተው የሚከፈለውን ዋጋ ያሳያል። ያ ዋጋ የሚከፈለው ግን በውሳኔው ባለቤት ብቻ ሳይሆን እርዳታውን በሚጠብቁትም ጭምር ነው።