ዋልት ዲስኒና የተወሰደበት ጥንቸል

ዋልት ዲስኒ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1901 በአሜሪካ ቺካጎ ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በሚዙሪ ግዛት በአባቱ እርሻ ላይ ሳለ ሥዕል ወደደ። በካንሳስ ሲቲ ያቋቋመው የካርቱን ድርጅት በ1923 ከሰረ። በዚያው ዓመት ወደ ሆሊውድ ሄዶ ከወንድሙ ከሮይ ጋር አዲስ ስቱዲዮ ከፈተ።

በ1927 የሠራው ኦስዋልድ የተባለ የካርቱን ጥንቸል ተወደደለት። ይሁን እንጂ በ1928 ውሉን ለማደስ ኒውዮርክ ሲሄድ አከፋፋዩ ቻርልስ ሚንትዝ ክፍያውን ሊቀንስበት ፈለገ። አብዛኞቹን ሠዓሊዎቹንም አስቀድሞ ወደ ራሱ ወስዶ ነበር። የጥንቸሉ ባለመብት ዩኒቨርሳል ስለ ነበረ ዋልት ባዶ እጁን ተመለሰ።

ከዚያ ወዲህ የሥራውን መብት በእጁ ለመያዝ ቆረጠ። አብሮት ከቀረው ሠዓሊ ከአብ አይወርክስ ጋር ሚኪ ማውስን ፈጠረ፤ ሚኪ በድምፅ የተሠራበት ፊልምም በኖቬምበር 1928 ታየ። በ1937 የመጀመሪያውን ረጅም የካርቱን ፊልሙን ስኖው ኋይትን አወጣ። በ1954 ለኤቢሲ ቴሌቪዥን ሳምንታዊ ፕሮግራም ማዘጋጀት ጀመረ፤ ጣቢያውም በ1955 ለተከፈተው የዲስኒላንድ መዝናኛ ገንዘብ አዋጣ።

ነገር ግን በ1941 የገዛ ሠዓሊዎቹ ስለ ደመወዝና ስለ ሠራተኛ ማኅበር መብት አድማ ሲመቱ እንደ ክህደት ቆጠረባቸው። ውድ አንባቢ፣ የድካሙን ዋጋ የተነጠቀ ሰው እንኳ በእርሱ ሥር ያሉት ሲጮኹ መስማት ሊከብደው ይችላል።

ዋልት ዲሴምበር 15 ቀን 1966 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ጥንቸሉ ኦስዋልድ ወደ ኩባንያው የተመለሰው በ2006 ነው፤ ባለቤቱ ግን ይህን ለማየት አልታደለም።