ዜና ሕይወት ዘብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ ሰማዕት

ብፁዕ አቡነ ጴጥሮስ የሰላሌ ተወላጅ ናቸው፤ ስመ ጥምቀታቸው ኃይለ ማርያም ነበረ። ቅኔውንና መጻሕፍቱን ተምረው በመምህርነት ሲያገለግሉ ከቆዩ በኋላ በደብረ ሊባኖስ ገዳም መነኰሱ።

ኢትዮጵያ ከአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ጀምሮ ጳጳሷን ከግብፅ ስታስመጣ ኖራ፥ በ1921 ዓ.ም. አራት ልጆቿ አብርሃም፥ ጴጥሮስ፥ ሚካኤልና ይስሐቅ በእስክንድርያው ፓትርያርክ እጅ ተሾሙ። የሹመቱ ደስታ ግን ሰባት ዓመት እንኳ ሳይሞላው ጠላት ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ።

አቡነ ጴጥሮስ በደብረ ሊባኖስ ሆነው አርበኞቹን ያጽናኑ ነበር። በሐምሌ የሰላሌ አርበኞች በደጃዝማች አበራ ካሣ መሪነት ከተማይቱን ለማስለቀቅ ሲዘምቱ አብረው ወረዱ። ከየአቅጣጫው የመጣው ሠራዊት በአንድነት መግጠም ስላልቻለ ውጊያው አልቀና፤ ብፁዕነታቸውም ተይዘው ለፍርድ ቀረቡ። አርበኞቹን ሽፍቶች ብለው እንዲያወግዙ ቢጠየቁ እንቢ አሉ፤ ይልቁንም ሕዝቡ ለወራሪው እንዳይገዛ ገዘቱ። ሐምሌ 22 ቀን በአደባባይ በጥይት ተገደሉ።

አቡነ ሚካኤልም በ1929 ዓ.ም. በጎሬ ተገደሉ። አቡነ አብርሃም ግን፥ ለመናገር ቢከብድም፥ ጠላት ቤተ ክርስቲያኒቱን ከእስክንድርያ ለይቶ ሲያቆም በ1930 ዓ.ም. ሊቀ ጳጳስ ተብለው ተሰየሙ፤ እስክንድርያም አወገዘቻቸው። በአንድ መንበር የተቀቡ አባቶች በመከራው ቀን እንዲህ ተለያዩ።

የደብረ ሊባኖስ መነኰሳት በግንቦት 1929 ዓ.ም. በጅምላ ተፈጁ። ለአቡነ ጴጥሮስ በአዲስ አበባ ሐውልት ቆሞላቸዋል፤ ዐፅማቸው ግን በስውር ስለ ተቀበረ በገዳማቸው አላረፈም።