ዳሊ ሜሴንጀር፡ ራግቢን ለሁለት የከፈለው ፊርማ

ሲድኒ ከተማ ውስጥ ፉትቦል ትወዳለህ ወይ ብላችሁ አንዱን ብትጠይቁት መልሶ የሚጠይቃችሁ የትኛውን ፉትቦል ብሎ ነው። እኛ ኳስ ብለን የምንሞትለት ጨዋታ እዚያ አገር ለረዥም ዘመን ሶከር እየተባለ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ነው። የእነ ሃሪ ኪዌልና የእነ ማርክ ቪዱካ አገር በ2006 የዓለም ዋንጫ ላይ ሁላችንንም ቢያስደንቅም ፌዴሬሽኑ እንኳ ሶከር የሚለውን ቃል ከስሙ አውጥቶ ፉትቦል ብሎ የጻፈው ገና በ2005 ነበር። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት ስሙን የያዙት ሌሎች ናቸው። በሜልቦርን፣ በአደላይድና በፐርዝ ፉትቦል ማለት በ1859 ሜልቦርን ላይ ደንቡ የተጻፈው የአውስትራሊያ ሩልስ ነው። በሲድኒና በብሪዝበን ደግሞ ራግቢ ነው። እሱም ቢሆን ለሁለት ተከፍሏል፤ በ15 ተጫዋች የሚካሄደው ራግቢ ዩኒየን እና በ13 ተጫዋች የሚካሄደው ራግቢ ሊግ።

የሁለቱ ራግቢዎች ደጋፊዎች እርስ በርስ ያላቸው ነገር ቀላል አይደለም። የሊጉ ሰው ዩኒየኑን የሀብታም ልጆች ጨዋታ ይለዋል፤ የዩኒየኑ ሰው ደግሞ ሊጉን በገንዘብ የተሸጠ ይለዋል። ይህ ጠብ ከመቶ ዓመት በላይ አስቆጥሯል። ሲድኒ ውስጥ የተጀመረበት ጊዜም ይታወቃል፤ ነሐሴ 1907። በመሐሉ የቆመው ሰው ደግሞ የ24 ዓመት ጀልባ ሠሪ ነበር።

ሙሉ ስሙ ኸርበርት ሄንሪ ሜሴንጀር ይባላል። ሚያዝያ 12 ቀን 1883 ሲድኒ ባልሜይን በሚባለው ሰፈር ተወለደ። ቤተሰቡ የውኃ ሰው ነው። አያቱ በእንግሊዝ ቴምዝ ወንዝ ላይ የታወቀ የጀልባ ቀዘፋ ሻምፒዮን ሲሆን አባቱ ቻርልስም በገንዘብ የሚወዳደር ቀዛፊ ነበር፤ በኋላም ደብል ቤይ በሚባለው ዳርቻ ጀልባ እየሠራ ይተዳደር ነበር። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ቤት ስፖርተኛ ላቡን ሸጦ ገንዘብ ማግኘቱ እንደ ነውር የሚቆጠር ነገር አልነበረም።

ዳሊ የሚለው ስም የወጣለት በሕፃንነቱ ሆዱ ወጣ ያለ ስለነበር ነው ይባላል። በወቅቱ ዊሊያም ቢድ ዳሊ የሚባል ቦርጫም ፖለቲከኛ ነበርና ሕፃኑን በሱ ስም ጠሩት። ቦርጩ ጠፋ፣ ስሙ ቀረ። ልጁ አድጎ በአባቱ የጀልባ ቤት ይሠራ ጀመር። ኳስ ላይ ግን ትንሽ የዘገየ ነው፤ ለኢስተርን ሰበርብስ ዋናው ቡድን መጫወት የጀመረው ሃያውን ካለፈ በኋላ ነው።

ከጀመረ በኋላ ግን ማን ይቻለው! ቁመቱ መካከለኛ፣ ሰውነቱ ጠንካራ፣ የሚሰለፈው በመሐል ሥስት ሩብ ቦታ ነበር። የራግቢን ነገር ለማያውቅ ለማስረዳት ያህል፣ በዚህ ጨዋታ ነጥብ የሚገኘው አንድም ኳሷን ይዞ ገብቶ ከተጋጣሚ መስመር ጀርባ መሬት በማስነካት ነው፤ ትራይ ይሉታል። አንድም ኳሷን መትቶ በሁለቱ ረዣዥም ቋሚዎች መካከል፣ ከአግዳሚው በላይ በማሳለፍ ነው። ሜሴንጀር ሁለቱንም ይችላል። ሲሮጥ ተከላካዩ ወዴት እንደሚሄድ አያውቅም፤ ሲመታ ደግሞ ሌላው ሰው ከማያስበው ርቀትና ከመስመር ጥግ ጭምር ያገባል። ከሜዳ አጋማሽ ወዲያ ሆኖ መትቶ አገባ የሚሉ ወሬዎች ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ በየዓመቱ ርቀታቸው የጨመረ ይመስላል። ለማንኛውም ሕዝቡ የሰጠው ስም ጌታው፣ በእነሱ አጠራር ማስተር የሚል ነበር።

በ1907 ለኒው ሳውዝ ዌልስ፣ ቀጥሎም ለአውስትራሊያ ብሔራዊ ቡድን ተሰለፈ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ኒው ሳውዝ ዌልስ ከኒውዚላንድ ጋር በሲድኒ ክሪኬት ግራውንድ ሲጫወት ከ50,000 በላይ ሕዝብ ገባ። አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። የዚህ ሁሉ ሕዝብ የመግቢያ ገንዘብ የት ገባ? ወደ ዩኒየኑ ካዝና። ተጫዋቹስ? ምንም። ደንቡ አማተር ነው፤ ለጨዋታ ገንዘብ የወሰደ ተጫዋች ይባረራል። የዶክተርና የጠበቃ ልጅ ከሆንክ ችግር የለም። የሲድኒ ተጫዋች ግን አብዛኛው የወደብ ሠራተኛ፣ አናጢ፣ ጀልባ ሠሪ ነው። ቅዳሜ ተጎድቶ ሰኞ ሥራ ካልገባ ደመወዙ ይቀራል። አሌክ በርደን የሚባል የግሌብ ተጫዋች ነበር፤ ፀጉር አስተካካይ ነው። ለዩኒየኑ ሲጫወት ተጎድቶ እጁን ማንቀሳቀስ አቃተው። ፀጉር አስተካካይ ያለ እጁ ምን ይሠራል? ዩኒየኑ ካሳ አልሰጠውም። የሲድኒ ተጫዋቾች ጥርሳቸውን የነከሱት ያኔ ነው።

ለነገሩ መንገዱን እንግሊዞች ቀድመው ከፍተውታል። በ1895 የሰሜን እንግሊዝ ክለቦች ሃደርስፊልድ ከተማ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው፣ ለጨዋታ ብሎ ከሥራ ለቀረ ተጫዋች በቀን 6 ሽልንግ ይከፈለው በሚል ከዩኒየኑ ተገንጥለዋል። ኖርዘርን ዩኒየን ይባሉ ነበር። በ1906 የተጫዋቹን ቁጥር ወደ 13 ቀንሰው ጨዋታውን ፈጣን አደረጉት።

ኒውዚላንድ ውስጥ ደግሞ አልበርት ባስከርቪል የሚባል የፖስታ ቤት ወጣት ሠራተኛ ተነሣ። ቡድን ሰብስቦ እንግሊዝ ሄዶ ከእነዚህ ክለቦች ጋር ሊጫወት አሰበ። እያንዳንዱ ተጫዋች 50 ፓውንድ ከኪሱ አዋጣ፤ ትርፍ ከተገኘ ይካፈላሉ። የሲድኒ ጋዜጦች በኦል ብላክስ ስም አላግጠው ኦል ጎልድስ አሏቸው፤ ወርቅ ፈላጊዎች ለማለት ነው። ስድቡ ግን ስም ሆኖ ቀረ። ቡድኑ ወደ እንግሊዝ ሲያልፍ ሲድኒ ላይ ሦስት ጨዋታ እንዲያደርግ ጄምስ ጊልቲናን የሚባል ነጋዴ ቀጠሮ ያዘ። አብሮት የቆመው ቪክተር ትራምፐር ነበር። ትራምፐር በዘመኑ የአውስትራሊያ ክሪኬት አንደኛ ኮከብ ነው። ስብሰባውም የሚካሄደው በሱ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ውስጥ ነበር።

ጊልቲናን ነገሩ ገብቶታል። ሃያ ተጫዋች ቢያስፈርምም ሕዝብ አይመጣም፤ ሜሴንጀር ከፈረመ ግን ሲድኒ በሙሉ ይመጣል። ስለዚህ ከትራምፐር ጋር ሆነው ደብል ቤይ ወደ ጀልባ ቤቱ ሄዱ። ልጁ ወዲያው እሺ አላለም። እንደሚተረከው የመጨረሻው ቃል የእናቱ የአኒ ነበር፤ እናት ገንዘቡንም የሚመጣውንም ጣጣ መዝና ከተስማማች በኋላ ነው የፈረመው። ዛሬ ወኪል የሚባለውን ሥራ እናት ሠራችው ማለት ነው። ጣጣው ደግሞ ግልጽ ነበር፤ ከዩኒየኑ የዕድሜ ልክ እገዳ፣ ከጓደኞችና ከክለብ መለየት፣ ከሃዲ መባል። ሊጉ ደግሞ ገና የለም! ክለብ የለው፣ ሜዳ የለው፣ ነገ ቢፈርስ የሚመለስበት ቤት የለውም።

ነሐሴ 17 ቀን 1907 በሲድኒ የግብርና ኤግዚቢሽን ሜዳ የመጀመሪያው ጨዋታ ተካሄደ። 20,000 ያህል ሰው ገባ። የሚያስቀው ነገር አዲሱ የ13 ሰው ጨዋታ ደንብ መጽሐፍ እጃቸው ስላልገባ የተጫወቱት በአሮጌው በዩኒየን ሕግ ነው። ኒውዚላንዶች 12 ለ 8 አሸነፉ። ዩኒየኑም እንደ ፎከረው አደረገ፤ ሜሴንጀርን አገደው፣ ስሙንና ያስቆጠረውንም ከመዝገቡ ፋቀ። ባስከርቪል ግን ልጁን ካየ በኋላ ጥሎት ሊሄድ አልቻለም። አብሮን እንግሊዝ ና ተባለ። ከቡድኑ ብቸኛው አውስትራሊያዊ ሆኖ መርከብ ተሳፈረ።

በእንግሊዝ የሆነውን የእኛ የኳስ ደጋፊ ቢሰማ ደስ ይለዋል። ኦል ጎልድስ ከኖርዘርን ዩኒየን ምርጥ ጋር ካደረጓቸው ሦስት ዋና ጨዋታዎች ሁለተኛው የካቲት 1908 ላይ በቼልሲ ሜዳ በስታምፎርድ ብሪጅ ነበር፤ ኒውዚላንዶች 18 ለ 6 አሸንፈው በመጨረሻም ተከታታዩን 2 ለ 1 ወሰዱ። የጉዞው ከፍተኛ ነጥብ አስቆጣሪ ማን ሆነ? ሜሴንጀር ነው፤ ሌሎቹን በሩቁ ጥሏቸው። ኳስ አመታቱን ያዩ የእንግሊዝ እግር ኳስ ክለቦች፣ ቶተንሃምን ጨምሮ፣ ሊያስፈርሙት ፈልገው ነበር ይባላል። እሱ ግን አገሩ ተመለሰ። በአንድ ዓመት ውስጥ ለሁለት አገር፣ በሁለት የተለያየ ጨዋታ የተሰለፈ ሌላ ሰው ካለ ይምጣ!

ከዚያ በኋላ ደስታና ሐዘን ተደባለቀ። ባስከርቪል በመልስ ጉዞው ብሪዝበን ላይ በሳንባ ምች ግንቦት 1908 ሞተ። ዕድሜው 25 ነበር። ሲድኒ ላይ ደግሞ ከአንድ ወር ቀደም ብሎ፣ በፋሲካ ማግስት፣ የመጀመሪያው የራግቢ ሊግ ውድድር ተጀምሯል። ሳውዝ ሲድኒ፣ ኒውታውን፣ ባልሜይን፣ ግሌብ፣ ኖርዝ ሲድኒ፣ የሜሴንጀር ኢስተርን ሰበርብስ... የሰፈር ክለቦች ናቸው። ሰው የሚደግፈው የሚኖርበትን ሰፈር ነው፤ የክለቡ ፍቅር ሥሩ እዚያ ነው። የመጀመሪያውን ዋንጫ ሳውዝ ሲድኒ ኢስትን 14 ለ 12 አሸንፎ ወሰደ። ሜሴንጀር በፍጻሜው አልነበረም። ካንጋሮ የተባለው የመጀመሪያው የአውስትራሊያ ሊግ ቡድን ወደ እንግሊዝ መንገድ ጀምሮ ነበርና።

ያ ጉዞ መከራ ነው። ሦስቱ ትልልቅ ጨዋታዎች የተደረጉት በለንደን ፓርክ ሮያል፣ በኒውካስል ሴንት ጄምስ ፓርክ እና በበርሚንግሃም ቪላ ፓርክ ነው። የመጀመሪያው 22 ለ 22 አለቀ፤ ሁለቱን ተሸነፉ። ከሜዳው ሽንፈት የባሰው የኪሱ ሽንፈት ነበር። ክረምቱ ከባድ ነው፤ በላንክሻየር የጥጥ ፋብሪካ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ስለነበር ለመግቢያ የሚሆን ሳንቲም ያለው ሰው ጠፋ። ቡድኑ ወደ አገሩ የሚመለስበትን ገንዘብ የሸፈኑት እንግሊዞቹ ናቸው። ጊልቲናን ከሰረ፤ ከመሠረተው ሊግ አመራርም እሱና ትራምፐር ተባረሩ። የሠራ አይበላም የሚባለው እዚህ ላይ ነው።

በ1909 አጋማሽ ሲድኒ ላይ ለውርርድ ቢቀርብ አብዛኛው ሰው ዩኒየኑ ያሸንፋል ይል ነበር። የዩኒየኑ ቡድን ዋላቢስ በ1908ቱ የለንደን ኦሊምፒክ ብሪታንያን 32 ለ 3 ረትቶ ወርቅ ይዞ ተመልሷል። ጄምስ ጆይንተን ስሚዝ የሚባል ባለሀብት ግን ቦርሳውን ከፈተ። ካንጋሮና ዋላቢስ ይጋጠሙ አለ፤ ተጫዋቾቹን በጥሬ ገንዘብ። አሥራ አራት ዋላቢዎች መስመር ተሻገሩ፤ ከነሱ ውስጥ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቁ ነበሩ። ሁሉም ታገዱ። ዩኒየኑ ኮከቦቹን በአንድ ወር ውስጥ አጣ፤ ሕዝቡም ኮከቦቹን ተከትሎ ሄደ። በነገራችን ላይ እስከ ዛሬ የሳውዝና የባልሜይን ደጋፊን የሚያጨቃጭቀው የ1909 ፍጻሜም የዚህ ልጅ ነው። ፍጻሜያችን ለካንጋሮና ዋላቢስ ጨዋታ ማሟሟቂያ አይሆንም ብለው ባልሜይኖች ሜዳ ሳይገቡ ቀሩ፤ ሳውዞች ተጋጣሚ በሌለበት ሜዳ ኳሱን መትተው፣ ራሳቸው አንሥተው አስቆጥረው ዋንጫውን ወሰዱ።

የሜሴንጀር ምርጥ ዘመን ከዚያ በኋላ መጣ። በ1911 በአንድ ዓመት 270 ነጥብ አስቆጠረ፤ ትራይ 3፣ ጎል 2 ነጥብ በሆነበት ዘመን ማለት ነው። ዳግም ወደ እንግሊዝ ይሂድ ቢባል አልሄድም አለ። ኢስተርን ሰበርብስን በአምበልነት እየመራ በ1911፣ በ1912 እና በ1913 ሻምፒዮን አደረገ። ሦስት ጊዜ በተከታታይ ላሸነፈ ክለብ ጋሻው ለዘለቄታው የሚሰጥ ነበርና ኢስት ወሰደው። ክለቡ ደግሞ ለራሱ አላስቀረውም፤ አንሥቶ ለሜሴንጀር ሰጠው። የቡድን ዋንጫ ለአንድ ሰው! በዚያው ዓመት ጫማውን ሰቀለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ጦርነቱ በረታ፤ ዩኒየኑ ውድድሩን ሲያቆም ሊጉ ቀጠለ። ያ ወቅት የሲድኒን ጉዳይ ጨረሰው።

ኑሮው ግን እንደ ስሙ አልሆነም። ሆቴል ያዘ፤ አልቀናውም። ኩዊንስላንድ ወርዶ ሙዝ ተከለ፤ እሱም እንዲሁ። በመጨረሻ ወደ እጅ ሥራው ተመልሶ በመንግሥት የሕዝብ ሥራዎች መሥሪያ ቤት አናጢ ሆኖ ሠራ። በእርጅናው በሲድኒ በራግቢ ሊግ ክለብ ቤት ውስጥ ይኖር ነበር። ኅዳር 24 ቀን 1959 ጋኒዳ በምትባል የገጠር ከተማ ሲሞት 76 ዓመቱ ነበር።

ዩኒየኑ ለተጫዋች መክፈል ይቻላል ያለው ነሐሴ 1995 ላይ ነው፤ ከዚያች ፊርማ 88 ዓመት በኋላ። ዛሬ አንድ ተጫዋች ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ደጋፊው ቢሳደብም የሚታገድ የለም። እስራኤል ፎላው በሊጉ ለአውስትራሊያ ተሰልፎ፣ ቀጥሎ ወደ አውስትራሊያ ሩልስ፣ በ2013 ደግሞ ወደ ዩኒየኑ ሄዶ ለብሔራዊ ቡድን ተጫውቷል፤ ሦስቱም ቤት ከፍለውታል። የሊጉ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሽልማት ከ1980 ጀምሮ ዳሊ ኤም ይባላል። ኤም ማለት ሜሴንጀር ነው፤ ደብል ቤይ ጀልባ ቤት ውስጥ እናቱን ጠይቆ የፈረመው ልጅ።