ልጆቹን ብቻቸውን ያልተዉት መምህር

ዛሬ በታዋቂ ሰዎች ታሪክ አምዳችን የዶክተር ያኑሽ ኮርቻክን ታሪክ ይዤላችሁ መጥቻለሁ።

ዶክተር ኮርቻክ የተወለዱት ፖላንድ ውስጥ በዋርሶ ከተማ ከአይሁዳዊ ቤተሰብ ነው። ትክክለኛ ስማቸው ሄንሪክ ጎልድሽሚት ሲሆን ኮርቻክ የብዕር ስማቸው ነው። የሕፃናት ሐኪም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1912 ግን በዋርሶ የወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ኃላፊ ሆኑ። ስቴፋኒያ የሚባሉ መምህርትም አብረዋቸው ይሠሩ ነበር።

መቼም ብዙ ልጅ አንድ ቤት ውስጥ ሲኖር መጣላት አይቀርም። እሳቸው ታዲያ ዱላ አላነሡም፤ የልጆች ፍርድ ቤት አቋቋሙ። ዳኞቹ በዕጣ የሚመረጡ ልጆች ነበሩ። ከሕጎቹ ብዙዎቹ ይቅር ስለማለት የሚናገሩ ናቸው። የሚገርመው ደግሞ አስተማሪም ይከሰስ ነበር! ዶክተር ኮርቻክ አንዴ አንድ ልጅ በጥፊ በመምታታቸው፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ አንዲትን ልጅ ሰርቃለች ብለው በመጠርጠራቸው ራሳቸውን ከሰው ልጆቹ ፊት ቀርበዋል። ልጆቹም ሕጉ ለሁሉም እኩል መሆኑን በዓይናቸው አዩ።

አዲስ ልጅ ሲመጣ ዝም ተብሎ አይተውም። ለሦስት ወር አንድ ነባር ልጅ ይመደብለታል፤ ቤቱን ያሳየዋል፣ ሥርዓቱን ይነግረዋል፣ እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እህት ይሆንለታል። እ.ኤ.አ. በ1926 ደግሞ ልጆች ራሳቸው የሚጽፉበት ጋዜጣ አስጀመሩ። ልክ እንደኛ ሚኒ ሚዲያ ማለት ነው!

በኋላ ጦርነት መጣ። ናዚዎች ፖላንድን ያዙና አይሁዶችን በግንብ በታጠረ ሰፈር ዘጉባቸው። ማሳደጊያውም ወደዚያ ተዛወረ። ምግብ ስለጠፋ ዶክተሩ ለልጆቹ ምግብ እየለመኑ ይዞሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1942 ወታደሮች መጥተው ወደ 200 የሚጠጉትን ልጆች ወሰዷቸው። ዶክተር ኮርቻክ እንዲያመልጡ ወዳጆቻቸው ቀደም ብለው ለምነዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን እምቢ አሉ። ከልጆቹ ጋር አብረው ሄዱ፣ ባቡሩም ላይ አብረው ተሳፈሩ። መምህርት ስቴፋኒያም አልቀሩም። ሁሉም ትሬብሊንካ በሚባል ቦታ ተገደሉ።

ይህን ታሪክ ሳነብ አፈርኩ። ዘንድሮ እኛ ክፍል ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ ልጅ አለ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእረፍት ሰዓት ግድግዳ ተደግፎ ብቻውን ይቆም ነበር። አይተው ዝም ካሉት ውስጥ አንዷ እኔ ነኝ። ሰኞ ዕለት ሄጄ አናገርኩት። ለካ እሱም ኳስ ይወዳል! አሁን ከእኛ ጋር ነው የሚጫወተው።

እናንተስ ክፍል ብቻውን የሚቆም ልጅ አለ? እስቲ ነገ ሂዱና አናግሩት።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!