አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፤ ከኳስ ሜዳ እስከ ጉባኤ አዳራሽ

በአትላስ ሰፈር ካሉት ቡና ቤቶች በአንዱ ተቀምጦ የአፍሪካን ዋንጫ ግጥሚያ በቴሌቪዥን የሚመለከት ወጣት፥ ይህን ውድድር ከመሠረቱት ሰዎች አንዱ ኢትዮጵያዊ መሆኑን ምናልባት አያስታውስ ይሆናል። እኒህም ሰው አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው፥ በግጥምና በዜማ ስመ ጥር ከነበሩት ከነጋድራስ ተሰማ እሸቴ መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። በአዲስ አበባም በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሩ። በ1928 ዓ.ም. ለተቋቋመው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ገና በልጅነታቸው መጫወት ጀምረው ከሃያ ዓመት በላይ ከዚያው ቡድን ሳይለዩ ኖሩ። ከጨዋታውም ጋር የፌዴሬሽኑን ሥራ አብረው ያካሂዱ ነበር።

የካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት መሥራቾቹ አገሮች ግብፅ፥ ሱዳን፥ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጭና ጥቁር አብረው የተሰለፉበት ቡድን አላቀርብም ስላለች ከመጀመሪያው ዋንጫ ውጭ ሆነች። ገና ለተወለደ ውድድር ከአራት ተጋጣሚ አንዱን ማጣት ቀላል ጉዳት አልነበረም። ቢሆንም አቶ ይድነቃቸውና ጓደኞቻቸው የሰውን ልጅ እኩልነት ለውድድሩ ድምቀት ሲሉ አሳልፈው አልሰጡም።

ከአምስት ዓመት በኋላ ዋንጫው በአዲስ አበባ ሲደረግ የብሔራዊው ቡድን አሠልጣኝ እርሳቸው ነበሩ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በፍጻሜው ቀን ግብፅ ሁለት ጊዜ ስትመራ ኢትዮጵያ ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። በተጨማሪውም ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አግብተው ድሉ 4 ለ 2 የኢትዮጵያ ሆነ።

በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለተደረገው የዓለም ዋንጫ ለመላው አፍሪካ አንዲት የተረጋገጠች ቦታ እንኳ ስላልተሰጠ፥ አቶ ይድነቃቸው ከጋናው ከኦሄኔ ጃን ጋር ሆነው ተቃውሞውን መሩ፤ የአፍሪካ ቡድኖችም ሳይካፈሉ ቀሩ። አራት ዓመት ቆይቶ በሜክሲኮ በተደረገው ውድድር አፍሪካ የራሷን ቦታ አገኘች።

ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ በዚያው ሥራ ጸኑ።

እንግዲህ ዛሬ በመሥሪያ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ወጣት ከእርሳቸው ሕይወት የሚማረው አለ። ዋንጫውን በማግኘታቸው ከምናመሰግናቸው ይልቅ፥ ተጋጣሚና ውድድር ቢጐድልባቸውም ከትክክለኛው ነገር ባለመራቃቸው ልናመሰግናቸው ይገባል።